ስሙ አምስት፣ ዳሽቦርዱ አንድ

አዲስ አበባ ውስጥ «ዲኤክስ» ማለት መኪና ነው፤ አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ። ደላላውም፣ መካኒኩም፣ ገዢውም እንዲሁ ነው የሚጠሩት። ሁለቱ ፊደላት ግን የመኪና ስም ሆነው አልተወለዱም። ቶዮታ «ዴሉክስ» የሚለውን ቃል ሲያሳጥር የሚጽፋቸው ናቸው። ከተራው ኮሮላ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ፣ ወንበሩና በሩ ትንሽ የተሻለ የለበሰ ለማለት ነው። ሻንሲው ያው፣ ቆርቆሮው ያው፤ ልዩነቱ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ በሚነካውና በሚያየው ነገር ላይ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ደረጃው ተረሳ፣ ስሙ ቀረ።

አንድን መኪና በውስጥ ዕቃው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ለተለያየ ኪስ መሸጥ የጃፓኖች ፈጠራ አይደለም። ከእነሱ በፊት አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ነገሩን ከደረጃ አሳልፎ ወደ ብራንድ አሳድጎት ነበር። አምስት እህትማማች ስሞች፣ አምስት ዋጋ፣ ከሥር ግን ብዙ የጋራ ብረት። ጄኔራል ሞተርስ በዚህ ዘዴ የዓለም ትልቁ መኪና አምራች ሆነ፤ በዚሁ ዘዴም ታመመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ መኪና ማለት ፎርድ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲን ዓመት ከዓመት እያረከሰ በ1925 ርካሹን እስከ 260 ዶላር አወረደው። ከ1914 ጀምሮ ለዓመታት ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነበር። ውስጡስ? ወንበር፣ መሪ፣ ፔዳል፤ ከዚያ በላይ ብዙም የለም። ለፎርድ መኪና መሣሪያ ነው፣ እንደ ማረሻ። ማረሻ ደግሞ ምንጣፍ አያሻውም።

በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የሆነው አልፍሬድ ስሎን ሌላ ነገር አየ። ሰው አንድ ጊዜ መኪና ከገዛ በኋላ ሁለተኛውን ሲገዛ ያንኑ አይፈልግም። ደመወዙ አድጓል፣ ጎረቤቱ ያየዋል። ኩባንያው ደግሞ ዊልያም ዱራንት ከ1908 ጀምሮ እየገዛ ያከማቻቸው፣ እርስ በርስ ገበያ የሚሻሙ ብራንዶች ነበሩት። ስሎን በመሰላል ደረደራቸው። ከታች ሼቭሮሌት፣ ከዚያ በ1926 የመጣው ፖንቲያክ፣ ከዚያ ኦልድስሞቢል፣ ከዚያ ቢዩክ፣ ከሁሉም በላይ ካዲላክ። የሐሳቡ መፈክር በ1924ቱ የኩባንያው ሪፖርት ላይ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ኪስ፣ ለእያንዳንዱ ዓላማ የሚሆን መኪና። ወጣቱ በሼቭሮሌት ይጀምራል፣ ሹመት ሲያገኝ ኦልድስሞቢል ይይዛል፣ ጡረታ ሲወጣ በካዲላክ ይወጣል። ከቤተሰቡ ሳይወጣ ማለት ነው።

ዘዴው የሚሠራው ግን አምስቱን ከባዶ አምስት ጊዜ መሥራት ካልተፈለገ ብቻ ነው። እንዲያ ከሆነማ ትርፉ የት አለ? ስለዚህ ፖንቲያክ ሲወለድ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ አካሉን ከሼቭሮሌት ጋር ተጋራ፤ ዋጋውም 825 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያው አካል የሚሠራለትን ፊሸር የተባለ ድርጅት ሙሉ በሙሉ ጠቀለለ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ገደማ የጄኔራል ሞተርስ መኪና በር ሲከፈት እግር በሚያልፍበት ደፍ ላይ ሰረገላ የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ምልክት ትታይ ነበር። ሼቭሮሌት ሲከፈትም ያችው፣ ካዲላክ ሲከፈትም ያችው። ማንም አልተከፋባትም። እንዲያውም ኩራት ነበረች።

ሰው ያልተከፋው ከደፉ አልፎ ሲገባ ሌላ ዓለም ስለሚጠብቀው ነው። የጋራው ብረት ተሸፍኗል። እጅ የሚደርስበት፣ ዓይን የሚያርፍበት፣ ጀርባ የሚደገፍበት ሁሉ የየብራንዱ የራሱ ነው። ርካሹ ሼቭሮሌት ወለሉ ላስቲክ፣ ካዲላክ ወፍራም ምንጣፍ። የወንበሩ ጨርቅ፣ የሰዓቱ መልክ፣ በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ሳይቀር ልዩ ነበር። በ1927 ስሎን ሃርሊ ኧርል የተባለውን የካሊፎርኒያ ሰው አምጥቶ ስለ ቀለምና ስለ ቅርፅ ብቻ የሚያስብ ክፍል አቋቋመለት። ያኔ መሐንዲሶቹ «የቁንጅና ቤት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር ይባላል። ቀልዱ ብዙም አልቆየ፤ ገንዘቡ ከዚያ ክፍል እንደሚመጣ ሁሉም ገባው።

የመሰላሉ ጫፍ የት ድረስ እንደሄደ ለማየት የ1957ቱን ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሩም ማየት ይበቃል። ዋጋው 13,074 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት ደህና ሼቭሮሌት ቤል ኤር በ2,300 ዶላር ገደማ ይገዛ ነበር። ለልዩነቱ ምን ተሰጠ? ጣሪያው የማይዝግ ብረት ነው። ወንበሩ ባለቤቱ የወደደውን አቀማመጥ ያስታውሳል። በማግኔት የሚቆሙ ብርጭቆዎች አሉ። የላንቫን ሽቶ ጠርሙስ ሳይቀር አብሮ ይመጣ ነበር። ኩባንያው በእያንዳንዱ ላይ እንደከሰረ ይነገራል። ኪሳራው ግን ከንቱ አልነበረም። ሽቶ ያለበት ካዲላክ መኖሩን የሰማ ሰው፣ ተራውን ካዲላክ ሲገዛም አንድ ነገር እንደገዛ ይሰማዋል።

መሰላሉ መሸርሸር የጀመረው ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው። በ1965 ፎርድ ኤልቲዲ የተባለ መኪና አወጣና ከሮልስ ሮይስ ይልቅ ጸጥ ይላል ብሎ አስተዋወቀ። ሼቭሮሌት በዚያው ዓመት በካፕሪስ መለሰ፤ ለምለም የወንበር ጨርቅ፣ የዋልነት እንጨት የሚመስል ጌጥ። ገዢው ተደሰተ፣ ለምን አይደሰት? የቢዩክን ሳሎን በሼቭሮሌት ዋጋ አገኘ። ሁለት መንገድ አልፎ ያለው የኦልድስሞቢል ሻጭ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመልሰው ጥያቄ ከበደው። «ታዲያ የእናንተ ለምን ይወደዳል?»

ለጊዜው አንድ መልስ ነበረው፤ ሞተሩ። ኦልድስሞቢል የራሱ ሞተር ነበረው፣ «ሮኬት» እያለ ለዓመታት ያስተዋወቀው። በ1977 ግን አንድ የቺካጎ ገዢ መኪናውን ሊያሠራ ሲወስድ የኦልድስሞቢል መለዋወጫ አልገጥም አለው። ኮፈኑ ሲከፈት ከውስጥ ያለው የሼቭሮሌት ሞተር ነበር። የኢሊኖይ አቃቤ ሕግ ከሰሰ፣ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ፣ ኩባንያው በመጨረሻ ካሳ ከፈለ። የሚገርመው ሞተሩ መጥፎ ስላልነበረ ነው። ሰዎቹ የተቆጡት በብልሽት አይደለም። በስም የተከፈለበት ልዩነት አለመኖሩ ነው ያስቆጣቸው። ኩባንያው ከዚህ ሊማር የሚገባው ትምህርት ግልጽ ነበር። የተማረው ግን ሌላ ሳይሆን አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ በማስታወቂያው ላይ ሞተሮቹ በተለያዩ የኩባንያው ክፍሎች እንደሚሠሩ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ጨመረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሲማሮን መጣ።

የነዳጅ ዋጋ ንሮ ነበር። ወጣት ሀብታሞች ቢኤምደብሊውና አውዲ መግዛት ጀምረዋል። ካዲላክ ደግሞ ያለው ረጅምና ከባድ መኪና ብቻ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በዚያን ጊዜ ለብዙ አገር የሚሆን አንድ ትንሽ መኪና እያዘጋጀ ነበር። በአሜሪካ ሼቭሮሌት ካቫሊየር፣ በጀርመን ኦፔል አስኮና፣ በእንግሊዝ ቮክስሆል ካቫሊየር፣ በአውስትራሊያ ሆልደን ካሚራ ሊባል። የካዲላክ ሰዎች እኛም ይድረሰን አሉ። የኩባንያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ፒት ኤስቲስ ይህን መኪና ካዲላክ ለማድረግ የሚበቃ ጊዜ የላችሁም ብሎ አስጠንቅቋቸው እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። አልሰሙም።

በ1982 ሞዴልነት የወጣው ሲማሮን 12,131 ዶላር ተባለ። ርካሹ ካቫሊየር 7,000 ዶላር ገደማ ነበር። ለአምስት ሺህ ዶላር ልዩነት ገዢው የቆዳ ወንበር፣ ኤርኮንዲሽነር፣ የተሻለ ቸርኬ፣ ወፍራም ምንጣፍና የካዲላክን ዓርማ አገኘ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 88 የፈረስ ጉልበት ነው። ካዲላክ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሠራ ከ1914 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሞተሩ አልነበረም። ሰው ቆዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ያለው ዳሽቦርድ የካቫሊየር ነው። የአየር መውጫው ያው፣ የመብራት ማብሪያው ያው፣ በሩን የሚከፍትበት እጀታ ያው። ቆዳ ለብሶ የመጣ ሼቭሮሌት። ልጁ ካቫሊየር ያላት አባት ለራሱ ሲማሮን ቢገዛ፣ በጨለማ ውስጥ እጁን ሰዶ የሚያገኘው ቁልፍ ሁሉ የልጁን መኪና ነው የሚመስለው።

የስሎን ዘዴ እዚህ ላይ ነው የተገለበጠው። ዋናው ሕግ የማይታየውን ተጋራ፣ የሚነካውን ለይ የሚል ነበር። ሲማሮን የሚነካውን ተጋርቶ የለየው የሚለጠፈውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25,968 ተሸጠ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ 132,000 ገደማ። ኩባንያው በየዓመቱ እያሻሻለው ሄደ፣ ስድስት ሲሊንደርም ገባለት። ተመልሶ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ አንድ የካዲላክ ኃላፊ የሲማሮንን ፎቶ እንዳይረሳ ብሎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት እንደነበር ይነገራል።

ሲማሮን በርግጥ ብቻውን አልነበረም። በነሐሴ 1983 ፎርቹን መጽሔት በሽፋኑ ላይ አራት መኪኖች አሰልፎ አወጣ። ሼቭሮሌት ሰለብሪቲ፣ ፖንቲያክ 6000፣ ኦልድስሞቢል ከትላስ ሲዬራ፣ ቢዩክ ሴንቸሪ። አራቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ቀይ ቀለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልግ ነበር። በ1985 ደግሞ ሊንከን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠራ። ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ መኪና የሚያቀርቡ ልጆች የደንበኞቹን የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች መለየት አቅቷቸው ሲተራመሱ፣ አንድ ሰውዬ ረጋ ብሎ ሊንከኑን ይጠይቃል፤ ወዲያው ይመጣለታል። ተፎካካሪ በነፃ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲቀበል ብዙ ጊዜ አይታይም።

እነዚህን መኪኖች የሠሩት ሰዎች ሰነፎች ወይም ደደቦች ስለነበሩ አይደለም እንዲህ የሆነው። የሒሳቡ ጠባይ ነው። አንድ የመስኮት ማውረጃ ለአምስቱም ብራንድ ሲሠራ የሚተርፈው ሳንቲም በዚያው ዓመት መዝገብ ላይ ይታያል፤ ያዳነውም ሰው ስሙ ይታወቃል፣ ይሾማል። የካዲላክ ገዢ መስኮቱን ሲያወርድ የሚሰማው ትንሽ ቅሬታ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም። የሚታየው ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ ብራንድ ሲገዛ ነው፤ ያኔ ሳንቲሟን ያዳነው ሰው ጡረታ ወጥቷል። በ1984 ሊቀመንበሩ ሮጀር ስሚዝ ኩባንያውን በሁለት ትልልቅ ቡድን ከፍሎ እንደገና ሲያዋቅር ፊሸርም ፈረሰ። ለየብራንዱ ጨርቅና በር የሚከራከሩት ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቤት አብሮ ጠፋ። የአሜሪካ ገበያ ድርሻው በአሥርቱ መጀመሪያ 45 በመቶ ገደማ የነበረው ኩባንያ በመጨረሻው 35 በመቶ አካባቢ ደረሰ።

በጥር 1989፣ እዚያው ዲትሮይት፣ ቶዮታ ሌክሰስን አቀረበ። ኤጂ ቶዮዳ ሥራውን ያስጀመረው በ1983 ነበር፤ ፎርቹን ያንን ሽፋን ባወጣበት ዓመት። ኤልኤስ 400 ከየትኛውም ቶዮታ ሻንሲ አልተዋሰም። ቁልፉ ሲዞር የሚያበራው ጌጅ፣ ጸጥታው፣ የቁልፎቹ ክብደት ሁሉ ተጠንቶበታል። ከጎኑ ግን ሁለተኛ መኪና ነበረ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው፤ ኢኤስ 250። ይህኛው የለበሰ ካምሪ ነው። ሻጮቹ ሁለት መኪና ያስፈልጋቸው ስለነበር በጥድፊያ የተሠራ። እውነቱን ለመናገር ከሲማሮን ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ቶዮታ ኢኤስ 250ን በሁለት ዓመት ውስጥ አንስቶ በኢኤስ 300 ተካው። ከሥር አሁንም ካምሪ ነው፤ ከላይ ግን በሩ ሌላ፣ ዳሽቦርዱ ሌላ፣ ወንበሩ ሌላ። ሲማሮን ሰባት ዓመት ቆየ። ሌላም የሚያስተውሉት ነገር አለ። ጃፓን ውስጥ እስከ 2005 ድረስ ሌክሰስ የሚባል ብራንድ አልነበረም፤ ኤልኤስ 400 እዚያ የሚሸጠው ቶዮታ ሴልሲዮር ተብሎ ነው። የጃፓን ሀብታም በቶዮታ ስም ያንኑ ጸጥታ ይገዛ ነበር ማለት ነው። ውስጡ ስሙን ተሸከመው እንጂ ስሙ ውስጡን አልተሸከመም። በአዲስ አበባ «ቪኤይት» የሚባለውን ላንድክሩዘርና ሌክሰስ ኤልኤክስ 570ን ጎን ለጎን ያየ ሰው ከሥር እህትማማች መሆናቸውን ያውቃል፤ ገብቶ ሲቀመጥ ግን የተከፈለው ገንዘብ የት እንደገባ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ዲትሮይትስ ተማረ? አንዳንዴ። በ1998 የሊንከን ትልቁ ናቪጌተር ገበያውን ሲወስድ ካዲላክ በጥድፊያ ኤስካሌድን አወጣ፤ የጂኤምሲ ዩኮን ዴናሊ ነው፣ ዳሽቦርዱ ሳይቀር። ተሸጠ! ይህ የሲማሮንን ታሪክ ለሚተርኩ ሁሉ የማይመች እውነት ነው። ዴናሊ ራሱ ውድና የተሟላ ስለነበር ገዢው ወደ ታች የወረደ አልመሰለውም፤ የትልቅ መኪና ፋሽኑም ገና መጀመሩ ነበር። ካዲላክም ዕድሉን አላባከነም፣ በ2002 ሞዴል የራሱን መልክ ሰጠው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ቀልድ ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ የስዊድኑን ሳብ ገዝቶ ነበር። ሳብ የታወቀበት አንድ ልማድ አለ፤ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ የሚገባው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ነው። በ2005 ኩባንያው ሼቭሮሌት ትሬይልብሌዘርን ወስዶ ሳብ 9-7ኤክስ አለው። ኦሃዮ የተሠራ የአሜሪካ መኪና ስዊድናዊ ይሆን ዘንድ ምን ተደረገ? የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ወንበሮቹ መካከል ተዛወረ።

የቁልፍ ነገር ሲነሳ ግን ሳቁ ይቆማል። በዚያው ዘመን ሼቭሮሌት ኮባልት፣ ፖንቲያክ ጂ5 እና ሳተርን አዮን የሚባሉ ትንንሽ እህትማማች መኪኖች ነበሩ። በዳሽቦርዳቸው መልክ ይለያያሉ። ከመሪው ሥር ያለው የማስነሻ ቁልፍ ቤት ግን የጋራ ነበር፤ ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች የሆነ ዕቃ። ቁልፉን በቦታው የሚይዘው ጉልበት ኩባንያው ራሱ ካወጣው መለኪያ ያነሰ ነበር። ከባድ የቁልፍ መያዣ ሲንጠለጠልበት ወይም የሾፌሩ ጉልበት ሲነካው ከቦታው ይንሸራተታል። ያኔ መኪናው እየሄደ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ግጭት ቢመጣ ኤርባጉ አይፈነዳም። በኩባንያው ውስጥ ችግሩን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ዕቃው ሲሻሻል እንኳ የመለዋወጫ ቁጥሩ ሳይለወጥ ቀረ፤ ስለዚህ አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት የሚሞክር ግራ ይጋባ ነበር። በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪና ተጠራ። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሰዎችን ሞት ተቀብሎ ከፈለ። በ2015 ኩባንያው ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህ ከቆዳና ከእንጨት ጌጥ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው ያው የሒሳብ ጠባይ ነው። አንድ ዕቃ ለሦስት ብራንድ ሲሆን ቁጠባው ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፤ ጉድለቱም ሦስት ቦታ ይደርሳል። የመስኮቱ ማውረጃ ርካሽ መሆኑ ገዢውን ያስቀይመዋል። ቁልፉ ርካሽ መሆኑን ግን ገዢው በእጁ አያውቀውም። ለቁልፍ ቤት ጥራት ብሎ ተጨማሪ የሚከፍል ደንበኛ የለም፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሟገትለት ሰው መኖር ነበረበት።

እስከዚያው ድረስ መሰላሉ ራሱ ተሰብሮ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሸጠው ኦልድስሞቢል ሊዘጋ መሆኑ በታኅሣሥ 2000 ተነገረ። ሚያዝያ 29 ቀን 2004 ላንሲንግ፣ ሚሺጋን ውስጥ የመጨረሻው አሌሮ ከመስመሩ ወረደ፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ከኮፈኑ ሥር ፈረሙበት። ብራንዱ የ107 ዓመት ዕድሜ ነበረው። በሰኔ 2009 ኩባንያው ራሱ ኪሳራ አውጆ የመንግሥት ገንዘብ ጠየቀ፤ ፖንቲያክና ሳተርን በ2010 አበቁ። ቢዩክ የተረፈው ቻይኖች ስለወደዱት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ጄኔራል ሞተርስን የጎዳው መጋራቱ ራሱ ነበር እንዳይባል ቮልስዋገን አለ። ከ1996 ጀምሮ የቮልስዋገን ቡድን አውዲ ኤ3ን፣ ስኮዳ ኦክታቪያን፣ አራተኛውን ጎልፍና አውዲ ቲቲን ሳይቀር ከአንድ መሠረት ላይ አወጣ፤ ዲትሮይት ካደረገው በላይ እንጂ በታች አይደለም። ምሥጢርም አልነበረም፣ ጋዜጣው ሁሉ ጽፎታል። ግን ሊቀመንበሩ ፈርዲናንድ ፒየክ በመጋጠሚያ ክፍተትና በዳሽቦርድ ፕላስቲክ ላይ ሰው የሚያስጨንቅ መሐንዲስ ነበር። አውዲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከስኮዳ ጋር እህትማማች መሆኑን እያወቀም ከፈለ።

ፒየክም ቢሆን ገደቡን ያገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2002 ፋይቶን የተባለ መኪና በቮልስዋገን ስም አወጣ። ድሬስደን ውስጥ ግድግዳው መስታወት በሆነ ፋብሪካ የሚገጣጠም፤ ነፋሱ ፊት ላይ ሳይመታ የሚያቀዘቅዝ፣ የአየር መውጫዎቹ ሳያስፈልጉ ሲቀሩ በእንጨት መዝጊያ የሚሸፈኑ። ውስጡ ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ነበር። አልተሸጠም፣ ከአሜሪካ ገበያ በ2006 ወጣ። ከእሱ ጋር መሠረት የተጋራው ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ግን ቤንትሌይን ከሞት አስነሳው። ሲማሮን ስም ይዞ ውስጥ ያጣ መኪና ነበር፤ ፋይቶን ውስጥ ይዞ ስም አጣ።

ከዚያ ደግሞ ስኮዳ አለች። በኮሚኒስት ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ቀልደኞች መሳለቂያ የነበረችው የቼክ ብራንድ ከ1991 ጀምሮ በቮልስዋገን ሥር ሆና እየተሻሻለች መጣች። መጋጠሚያዋ ጠበቀ፣ ፕላስቲኳ ለሰለሰ፣ የኋላ ወንበሯ ከጎልፍ ይልቅ ሰፋ። በ2017 ሮይተርስ እንደዘገበው የቮልስዋገን አመራርና የሠራተኛ ተወካዮች የስኮዳን ፉክክር ለመግታት አሰቡ፤ ለጋራው ቴክኖሎጂ የበለጠ እንድትከፍልና ከምርቷም ከፊሉ ወደ ጀርመን እንዲዛወር። የጀርመኑ ሠራተኛ አቤቱታ ቀላል ነው። የእኛን ዕቃ በእኛ ላይ በርካሽ እየሸጠች ነው። የቼኩ ሠራተኛ ደግሞ ጥሩ በመሥራቱ ለምን እንጀራው እንደሚወሰድበት አልገባውም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በ1965 ሁለት መንገድ አልፎ ያለው የኦልድስሞቢል ሻጭም ልክ ነበር።

የቡድኑ አለቆች ስኮዳን ምን ያህል ዝቅ ማድረግ እንዳለባቸው ተከራክረዋል። ሱፐርብ የሚባለው ትልቁ ስኮዳ ግን ከ2001 ጀምሮ በሩ ውስጥ ጃንጥላ ተሰክቶለት ይሸጣል፤ ሮልስ ሮይስ ፋንተም ላይ እንዳለው ዓይነት።